ወደ ቦታው ተመልሷል

ወንድሜን ከሞተ በኋላ ሊያባርሩት ተነሱ።

ያወቅኩት ሥራ ቦታ ነው፤ ጥርስ ሐኪሙ ጋ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ። የወንድሜ የአልዊን ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የባንኩን፣ የመብራቱን፣ የምኑንም የምኑንም አካውንት እዘጋለሁ ብዬ ነው ይዤው የምዞረው፤ አንዱንም ሳልዘጋ ክረምቱ ገባ። ስልኩ ጮኸ፣ አወጣሁት፣ ኢሜይል ነው። ከዚያ ከኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ። አቤቱታ ቀርቦብሃል፤ እስከ ዛሬ ማታ መልስ ካልሰጠህ ለዘለቄታው ትታገዳለህ ይላል። አንዲት ሴትዮ አፏ ደንዝዞ፣ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ወርዶ፣ ልትከፍል ፊቴ ቆማለች። ካርዷን ተቀብዬ ኢሜይሉን እንደገና አነበብኩት። በሙሉ ስሙ ነው የጻፉለት። እሱ እንደሌሎቹ የውሸት ስም አያወጣም ነበር፤ እዚያም አልዊን ነው፣ እዚህም አልዊን ነው።

የአልዊን ሥራ ለሰው ሲነገር ሥራ አይመስልም። ሊነክስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። የዚያ ደግሞ እምብርት አለው፤ ከርነል ይሉታል። ማንም አያየውም፣ ግን ኮምፒውተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያዘው እሱ ነው። ስለ ከርነሉ ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ መዓት ገጽ አለ፤ ስለ አነሳሱ፣ ስለ ሜሞሪው፣ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ሁሉም። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ አንዲት ሳጥን አለች። ሳጥኗ ውስጥ የሌሎቹ ገጾች ሊንክ ተደርድሯል፤ አንባቢ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በሷ ነው። የወንድሜ ሥራ ያቺን ሳጥን መደርደር ነበር። ገጾቹን አይጽፍም። ሳጥኗን ይደረድራል። ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ቤት ሲገባ ወደ ሳጥኗ። ሊንኮቹን የደረደራቸው ኮምፒውተሩ ሲነሳ የከርነሉ ክፍሎች በሚነሱበት ተራ ነው፤ መጀመሪያ የሚነቃው መጀመሪያ፣ እሱ የሚቀሰቅሰው ቀጥሎ፣ እንዲህ እያለ። ሌሎቹ ደግሞ በፊደል ተራ ይሁን ይላሉ። ራት ላይ ሹካውን ይዞ፣ «ስሙን የማያውቀውን ነገር ሰው በፊደል ተራ እንዴት አድርጎ ይፈልገዋል?» ይላል። እማ ድንች ጨምር ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ውይይት ቤታችን ውስጥ አልተደረገም።

አቤቱታውን ያመጣው ዋትልበርድ ነው። በወፍ ስም የሚጽፍ ሰውዬ ነው፤ ስሙን ከአልዊን አፍ ስሰማው ኖሬያለሁ። እንዲህ ይላል፦ ይህ ሰው ከግንቦት ጀምሮ ሳጥኗን የነካ ሰው ሁሉ የነካውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ ሲጠይቁት አይመልስም። የዚያ ቦታ ሰዎች ብዙ ነገር ያሳልፋሉ፤ ግትርነትም፣ ሽሙጥም፣ ስድብም። አንድ የማያሳልፉት ነገር ሌላው የሠራውን ዝም ብሎ መመለስ ነው። መለስክ? እንግዲያው ና ተነጋገር ነው። ወንድሜ አይነጋገርም። በመለሰ ቁጥር የሚያስቀምጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ወደ ቦታው ተመልሷል።» የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነው።

አልዊን የሞተው ግንቦት መግቢያ ላይ ነው። ዲክሰን አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ልቡ። ሴትዮዋ ካርዷን እየጠበቀች ነው። ሰጠኋት። እዚያ ቁጭ ብዬ ለትንሽ ጊዜ፣ ማለት የማይገባኝን ነገር ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ማሽኑ ትዝ አለኝ፤ ኮምፒውተሩ፣ ክፍሉ ውስጥ እንደበራ ነው።

ለሐኪሙ እናቴን አሟታል ብዬ በምሳ ሰዓት ወጣሁ። ቤታችን ዳውነር የሚባል ሰፈር ነው። መንግሥት ድሮ ለሠራተኛ ከሠራቸው አንዱ፣ ጓሮው ሰፊ፣ ግድግዳው ስስ። ጎረቤቶቹ እያፈረሱ ፎቅ እየሠሩ ነው፤ ደላላው በየሳምንቱ ወረቀቱን ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ይጥላል፣ እማ ጀርባው ላይ የገበያ ዝርዝር ትጽፍበታለች። ጓሮው ሣር ላይ በጥላው በኩል አመዳዩ እስከ ምሳ ድረስ አልቀለጠም። እማ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር በተጠጋው ወንበሯ ተቀምጣለች፣ ምድጃው አጠገብ ሳይሆን ግድግዳው አጠገብ። ከግድግዳው ወዲያ የአልዊን ክፍል ነው፤ ለመግባት ግን በጓሮ በር ወጥቶ ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። ለምን በጊዜ መጣሽ አላለችኝም። ቅቤ ስምንት ዶላር ገባ አለችኝ። ከሱፐርማርኬቱ የመጣውን ወረቀት አስነብባኝ፣ ስምንት መሆኑን እኔም በዓይኔ እንዳይ አደረገች። በቀብሩ ሰሞን ጎረቤት ያመጣው ላዛኛ አሁንም ፍሪዘር ውስጥ አለ፤ እሱን እናሙቅ ወይ አለች። እኔ የተጠበሰ ዳቦ ይበቃኛል አልኩ። ያንን ላዛኛ ማናችንም አንነካውም።

ዳቦውን እንዳስገባሁ ከግድግዳው ወዲያ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ተነሳ። ሲጀምር ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል ይመስላል፤ ከዚያ ከፍ እያለ የፀጉር ማድረቂያ ይሆናል። እማ ቀና አለች።

«ተነሳ» አለች።

አልዊን በነበረ ጊዜ ማራገቢያው ሲጮህ ሥራ ላይ ነው ማለት ነበር፤ ያኔ ሻይ ታወርድለታለች። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ካለ ቆይቷል። ስለዚህ አሁን በዚያው ኩባያው ትቀዳና፣ ወተቱን ትጨምርና፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ እኔን ታያለች። አላወርድም። ሲቀዘቅዝ ማጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ። በማግስቱ ትቀዳለች። ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነጋገርነው። መሞቱን አውቃለሁ፣ አላበድኩም፣ አንቺ ብቻ ማሽኑን እንዳትነኪው ብላኛለች። የመብራቱን ሂሳብ አሳየኋት፤ ከኔ ጡረታ ይቆረጥ አለች።

ወረድኩ። ክፍሉ ከውጭ ይልቅ ይበርዳል። ሹራቡ ወንበሩ ላይ ነው፣ እጅጌው እንደተገለበጠ። ጠረጴዛው ላይ የኩባያ ክቦች፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ማውሱን ስነካው ስክሪኑ በራ፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ነበር። ራሱ የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ነግሮኛል፤ እየሰማሁት አልነበረም እንጂ። በየጥቂት ሰዓቱ የከርነሉን ገጾች በየስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሳጥኗ እታች መኖሯን ያያል፤ ከስሙ ፊት «አለ» ብሎ ይጽፋል። አለ። አለ። አለ። ልክ አስተማሪ ተማሪ ሲቆጥር። ሁሉንም ጠርቶ ሲጨርስ ሳጥኗን ይከፍታል፤ ሰው ያዛነፈው ሊንክ ካለ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጽፎ በስሙ ይፈርማል። ከዚያ ማራገቢያው ዝግ ይላል። ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁት። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ሹራቡን ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁትም፤ ቆሜ ጻፍኩ።

እኔ እህቱ ሮና ነኝ፤ አልዊን ግንቦት ላይ ሞቷል፤ ይህን የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ነው፤ ተዉት። አካውንቱ ክፍት ስለነበር በሱ ስም ነው የወጣው። ገና እያነበብኩት ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ መለሰ። በአንድ ሰው አካውንት ሌላ ሰው መጻፍ ክልክል ነው፤ ይኸው ለብቻው ለማገድ ይበቃል። ሞቷል ካልሽ የታተመ ምንጭ አቅርቢ። አዝናለሁ።

«የታተመ ምንጭ» አልኩ። ጮክ ብዬ። የሬሳ ሣጥኑን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እዚያ ግን አይቆጠርም። ደግሞ የሚያናድደው፣ አልዊንም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚለኝ። አባባ የሞተ ጊዜ ስለ ትውልድ ቀኑ ከእማ ጋር ተከራክሮ መዝገብ ቤት ድረስ ደውሏል።

የታተመ ምንጭ የለንም። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አላወጣንም፤ እማ ናት እምቢ ያለችው። ወጥቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። የሚያውቁት ያውቃሉ አለች። የማያውቁትስ አልኳት። የማያውቁት ምን አገባቸው አለች። የመቃብሩ ድንጋይ እንኳ ገና አልተተከለም፤ ጠራቢው ተራ ጠብቁ ብሎናል። ከዚህ ቤት ውጭ የወንድሜ ስም ያለው ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ ብቻ ነው። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ሳጥን ነው ያለው። ማታ ስሙ ላይ ቀይ ምልክት ሊለጥፉበት ነው፤ ሰው የሚያስቸግር፣ የተባረረ። ከዚያ ምልክቱን አንሱለት ብሎ የሚከራከር አፍ የለውም።

ተመልሼ ወረድኩና ለዋትልበርድ ጻፍኩለት። በዚያው አካውንት፤ ከመታገድ በላይ ምን ይመጣል። የአልዊን እህት ነኝ፣ ስልኬ ይኸው፣ ሰው ከሆንክ ደውል አልኩት። ዳቦዬን ሳልጨርስ ደወለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው። ብዙ አልጠየቀም። የት መንገድ ላይ ናችሁ አለ፣ ነገርኩት፣ እኔ ኩዊንቢያን ነኝ፣ መጣሁ አለ። ኩዊንቢያን ጎረቤት ከተማ ነው፣ ድልድዩን ተሻግሮ። ለዓመታት ከዓለም ጫፍና ጫፍ ሆነው የሚጣሉ ነበር የመሰለኝ።

ስሙ ዴስ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ የሱፍ ኮፍያ ያደረገ፤ በእጁ ከሱፐርማርኬት የገዛው ኮኮናት የተነሰነሰበት ላሚንግተን ኬክ፣ ዋጋው እንደተለጠፈበት። በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ደጋግሞ ጠረገ። እማ እንግዳ መጣ ስትባል ሰው ሠራሽ ጥርሷን አስፈለገችን፤ እሱም ጥርሷ እስኪገኝ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሲቀመጥ ፊት ለፊት አየችው።

«ወፉ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ሁልጊዜ ስለ አንተ ያወራ ነበር። ጅላንፎ ነው ይል ነበር።»

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ ተፈታ፣ ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከአልዊን ጋር ተያይተው አያውቁም። በፊደል ተራ ይሁን፣ አይሁን ሲባባሉ ፀጉራቸው ሸበተ። ዴስ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው ሳጥኗን ነው። አንድ ሊንክ ያነሳና በፊደሉ ተራ ያስገባል። አልዊን ይመልሳል። ነገ ሌላ ሊንክ። ይሄን ሁሉ የሚነግረው ለኔ አይደለም፤ ለእማ ነው። እኔ ቆሜያለሁ።

«ታዲያ ምን አድርጎዎት ነው የከሰሱት?» አልኩት።

ኬኩን ሳህኑ ላይ አዟዟረው። «ድሮ ሲመልሰው ይሰድበኝ ነበር» አለ። «ወደ ቦታው ተመልሷል፣ አንተ ጅላንፎ። ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ፊደል ገና እየቆጠርክ ነው? አንድ ቀን ሳይሰድበኝ ቀርቶ አያውቅም። ከግንቦት ወዲህ ባዶውን ነው። ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ነጥብ። ምን አጠፋሁ ብዬ ጻፍኩለት። ዝም። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ። ዝም። የተቀየመኝ መሰለኝ።»

«ስለዚህ ልታባርረው?» አልኩት። አንተ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

«ከተከሰሰ ወጥቶ ይሰድበኛል ብዬ ነው።»

እማ ላሚንግተኑን ለሦስት ቆረጠችው፤ ኮኮናቱ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ በጣቷ ሰበሰበችው። የቅቤውን ዋጋ ነገረችው። እሱም ኩዊንቢያን ከዚያ እንደሚብስ ነገራት።

ከዚያ ዴስ ነገሩን አስረዳን። እነሱ ጋ አንድ ሰው ሲሞት፣ በስሙ የተከፈተው የራሱ ገጽ ላይ መሞቱን የሚገልጽ መስመር ይገባና ገጹ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፤ እንደተወው ይኖራል። ለዚያ ወይ የታተመ ምንጭ ያስፈልጋል፣ ወይ አብሮት የቆየ ሰው ሄዶ አይቶ ይመሰክራል። ያ ሰው እኔ እሆናለሁ፣ አቤቱታዬንም አነሳለሁ አለ። ግን ማሽኑ መቆም አለበት። እኔ ሞቷል ብዬ ጽፌ እሱ በበነጋው አንድ ሊንክ ቢመልስ እኔም ውሸታም ነኝ፣ እሱም እንደታገደ ይቀራል። ዛሬ፣ ሳይመሽ።

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ዝግ ብሎ እያጉረመረመ ነበር። እስካሁን ልብ ያላለው ዴስ እንኳ ጆሮውን ወደዚያ አዞረ።

«አባቷ የሞተ ጊዜ ይሄ ቤት ድምፅ አልነበረውም» አለችው እማ። እኔን አላየችኝም። «በኋላ አልዊን ተመልሶ ገባ።»

እጇ ግድግዳው ላይ ነበር፣ መዳፏ ተዘርግቶ፣ ሰው የፈረስ ሆድ ሲነካ እንደሚያደርገው። እምቢ አላለችም። ብትል ይቀለኝ ነበር። መልስ ጠብቄ ጠብቄ ወጣሁ።

ዴስ ተከትሎኝ መጥቶ ደረጃው ጫፍ ላይ ቀረ፤ ክፍሉ ውስጥ አልገባም። እኔ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ማብሪያ ማጥፊያውን አገኘሁት። ጣቴን አደረግኩበት። በግድግዳው በኩል የእማ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ያን ያህል ቅርብ ናት። አልዊንም እዚህ ተቀምጦ ሁላችንንም ሲሰማን ኖሯል ማለት ነው። ጣቴን አነሳሁ። ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣ ሰማያዊ ገመድ አለ፤ በእጄ እየዳበስኩ እስከ ግድግዳው ሄድኩ፤ ኢንተርኔት የሚገባበት ነው። እሱን ነቀልኩት። ጠቅ አለ፣ በቃ። አረንጓዴው መብራት እንደበራ ነው። ማራገቢያው እንዳለ ነው። እማ የምትሰማው ድምፅ አልተለወጠም።

ዴስ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሞ በስልኩ አንድ ሊንክ አንስቶ በፊደሉ ተራ አስገባ። ጠበቅን። ፕሮግራሙ የሚነሳበት ሰዓት እስኪደርስ ጠበቅን፤ በጎረቤት አጥር ላይ ማግፓይ የሚሉት ወፍ እየዘፈነ፣ ሁለታችንም እጃችን ብብታችን ውስጥ። ማራገቢያው ተነሳ፤ ጮኸ። ዴስ ስልኩን አየ፤ አሁንም አየ።

«አልመለሰውም» አለ።

መነጽሩን አውልቆ በኮፍያው ጠረገና ሊንኩን ራሱ ወደነበረበት መለሰው። የጻፈውን አሳየኝ። «ወደ ቦታው ተመልሷል፣ አንተ ጅላንፎ።» ከዚያ ለአስተዳዳሪዎቹ ረጅም ነገር ጻፈ፤ እሱን አላሳየኝም። እማን ሊሰናበት ገብቶ እጇን ያዘ። ቅዳሜ ደግሞ ልምጣ አለ፤ ኬክ አታምጣ፣ ይደርቃል አለችው። ሻዩን አልጨረሰውም።

ሳይመሽ የአልዊን ስልክ ጮኸ። አቤቱታው ተነስቷል። ገጹ ተቆልፏል። ከላይ ስሙ፣ ከሥሩ መሞቱ፣ ከሥሩ ስለ ሳጥኗ አንድ መስመር። ለእማ አነበብኩላት። ዕድሜውን አሳስተዋል አለች፤ አላሳሳቱም። ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ማራገቢያው አላቆመም። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ሌላ ቀን ጮኾ ጮኾ ዝግ ይላል፤ ዛሬ ከፍ ይላል፣ ይቆርጣል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ገመዱ ተነቅሏል፤ መውጫ የለውም። የመጀመሪያውን ገጽ ስም ይጠራል፤ የሚመልስ የለም፤ ደግሞ ይጠራዋል። የሚያቆምበትን አልዊን አልጻፈለትም። የመስኮቱ መስታወት በትንሹ ይነዝር ነበር።

እማ ቀና አለች። «ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ነካው?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት።

ተነስታ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ቀዳች። ወተቱን ጨመረች። መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ አየችኝ።

እጄን አደረቅኩ፣ ኩባያውን አነሳሁ፣ የጓሮውን በር በክርኔ ከፍቼ ደረጃውን ወረድኩ።